ሦስት ላይ የቆመው ማት

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሰልፉ ላይ አልነበርኩም፤ ብኖርም ወረፋው ሰልችቶኝ ጥዬ እሄድ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ በማወራችሁ ነገር ውስጥ ስጮህ፣ ደንበኛ ሳስቀይምና ሰው ፊት ስዋረድ ስታዩ እንዳትገረሙ ነው። ሐያት እባላለሁ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ የወሎ ሰው ልጅ ነኝ። ፒያሳ ተወልጄ ፒያሳ አደግኩ፤ ምላሴም የዚያው ሰፈር ነው።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሥራ የለኝም። ላፕቶፔን ታቅፌ በአባቴ ሱቅ ጓዳ፣ የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀምጬ፣ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ስጽፍ እውላለሁ። ስሙን ነብሮ አልኩት። አባቴ ነብሮን አይወደውም ነበር። እሱ የሚፈልገው እኔ ሱቁን እንድረከበው ነው። እውነት ለመናገር ሰውየው አልተሳሳተም፤ መሸጥ እችልበታለሁ። ግን የጨርቅ ነጋዴ ሆኜ ማርጀትን ሳስበው ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ አነስተኛ የሶፍትዌር ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። “ሰኞ ጠዋት ነይ፤ በራስሽ እጅ የሠራሽውን አንድ ነገር ይዘሽ ነይ” አሉኝ። ራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። እንጀራውን ጠቅልሎ ሳይጎርስ ያዘው።

“ሰኞማ ሱቁን ትረከቢያለሽ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። ለመሆኑ ምን ሠራሽበት?”

“ቼዝ የሚጫወት ማሽን።”

“ይችላል?”

“ድራሽህን ያጠፋዋል፣ አባባ።”

አይ አፌ! እናቴ ክፉኛ ገላመጠችኝ። አባቴ ግን ሳቀ። በሰፈራችን ቼዝ ማለት እሱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአስካለ ሻይ ቤት ወንበሩ የሚያስነሳው ሰው አልተገኘም ነበር።

“እንግዲያው ነገ ጠዋት ከፊቴ አስቀምጪው” አለኝ። “ማት ካደረገኝ፣ ንጉሤን መውጫ ካሳጣው፣ ሰኞ ወደ ቢሮሽ ሂጂ፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ማት ካላደረገኝ ግን ሰኞ ሱቁን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ። የቢሮ ወሬ ሁለተኛ አልሰማም።”

“ወላሂ?”

“ወላሂ።”

አባቴ ወላሂ ካለ ነገሩ ያለቀ ነው። ልቤ በደስታ ዘለለች፤ ምክንያቱም ነብሮ እንደሚበልጠው አውቅ ነበር።

አስካለ ሻይ ቤት ከሱቃችን ሦስት በር ወረድ ብሎ ነው። እዚያ ቼዝ የሚጫወቱት ነጋዴዎች ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀው አንድ ሕግ አላቸው፤ ቁጥር መጥራት ይባላል። ተጫዋቹ ማቱ ከታየው ዝም ብሎ አይጫወትም፣ “አራት!” ብሎ ይጠራል፤ በአራት እርምጃ እገልሃለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በየተራው እየቀነሰ መጥራት አለበት፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ቁጥሩ ሳይወርድለት ያንኑ ሦስት ጊዜ ከጠራ ዋሽቷል ማለት ነው። ጨዋታው እኩል ለእኩል ይባልና ጠሪው ይነሳል። ንግሥት ይኑረው፣ ሁለት ግንብ ይኑረው፣ ማንም አይሰማውም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን እየሰማሁ ስላደግኩ፣ ነብሮ ማት ሲታየው ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ በትልቁ በቀይ እንዲጽፍ አድርጌው ነበር። ጉራ እኮ ነው! ያንን ጉራ ባልጨምርበት ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ያን ያህል ጉድ አልሆንም ነበር።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። አባቴ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። እኔ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ጥግ አስቀምጬ፣ ቆሜ የነብሮን ጠጠሮች አንቀሳቅሳለሁ። ጨዋታው እንዳልኩት ሆነ። ነብሮ መጀመሪያ አንድ ወታደር በላ፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ከዚያ ንግሥቲቱን። አባቴ ጺሙን ማሻሸት ጀመረ። በመጨረሻ ንጉሡና ሁለት ወታደሮች ብቻ ቀሩት፤ ነብሮ ንግሥትና ግንብ አለው። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ጽሑፍ ብቅ አለ።

“ማት በሦስት!” ብዬ ጮህኩ። ሻይ ቤቱ “ኧረ!” አለ።

አባቴ ንጉሡን አንድ ቤት ፈቀቅ አደረገ። ነብሮ ግንቡን አንቀሳቀሰ። ስክሪኑን አየሁ፤ ማት በሦስት ይላል።

“ስንት?” አለ አባቴ።

“ሦ... ሦስት።”

“አልወረደም” አለ አንዱ ከኋላዬ። አባቴ ንጉሡን መለሰ። ነብሮ ግንቡን ወደነበረበት መለሰ። ማት በሦስት! ፊቴ ጋለ።

“ስንት፣ ሐያት?”

“ሦስት” አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙድ ያዙብኝ። “ማሽንሽ እንደ ታክሲ ረዳት ነው እንዴ? ‘አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው የቀረው’ እያለ ግማሽ ሰዓት ያቆመናል!” አለ አንዱ። አባቴ አልሳቀም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና “ሦስት ጊዜ ሦስት። እኩል ለእኩል ነው” አለ።

“እኩል? አባባ፣ በአላህ! አንድ ንጉሥና ሁለት ወታደር ይዘህ እኩል ነን ትለኛለህ? አይንህን ግለጥ እንጂ!”

“ምን ነበር የተባባልነው?”

ቀዩ ጽሑፍ ላይ አፈጠጥኩ።

“ንገሪኝ፤ ምን ተባባልን?”

“ማት።”

“ማት አደረገኝ?”

“አላደረገህም።”

“በቃ። ሰኞ በጠዋት ተነሽ” አለኝና ሻዩን አነሳ። ሻይ ቤቱ ፊት አለቀስኩ። የሻይ ቤቱ ባለቤት አስካለ፣ አባቴን የማትፈራ ብቸኛዋ ሰው፣ ትሪዋን እንደያዘች መጥታ ቆመችበት።

“ጋሽ ሰይድ፣ ልጅቷን እንዲህ አስለቅሰው ሻዩ እንዴት ይወርድልዎታል? አንድ ዕድል ይስጧት እንጂ።”

“ሕግ ነው፣ አስካለ።”

“ሕጉማ ተነሳ ይላል እንጂ ተመልሶ አይቀመጥ አይልም። ሌላው ተሸንፎ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣ የለ?”

አባቴ ወደ እኔ አየ። ሰውየው ግትር ነው፣ ግን ፍትሐዊ ነው። “ከአሱር ሶላት ስመለስ ሰሌዳው ተደርድሮ ልየው” አለ። “አንድ ጨዋታ። ከዚያ ወዲያ ግን ለቅሶም ጩኸትም አልሰማም።”

እስከ አሱር አምስት ሰዓት ከምናምን አለኝ። እየሮጥኩ ወደ ሱቁ ጓዳ ገባሁ።

መጀመሪያ የማሰብ ጥልቀቱ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። ያው ሦስት። የንጉሡን እንቅስቃሴ የሚያሰላውን ክፍል መስመር በመስመር ፈተሽኩ፤ አንዲት ስህተት የለበትም። አባቴ ለዙህር ሶላት ሲወጣ ሱቁን ለእኔ ትቶ ስለሄደ፣ አንዲት ሴትዮ መጋረጃውን ገልጣ “ይሄ ጨርቅ ይለቃል?” አለችኝ። “እሱስ አይለቅም፤ አንቺ ግን ልቀቂኝ!” አልኳት። ምስኪን! ዛሬ ባገኛት እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

ቀጥዬ ጥርጣሬዬን ወደ መዝገቡ አዞርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቼዝ ውስጥ አንድ ዓይነት የጠጠር አቀማመጥ በብዙ መንገድ ይደረስበታል። ፕሮግራሙ አንዴ ያሰላውን እንደገና እንዳያሰላ፣ ያየውን አቀማመጥ ሁሉ ከነውጤቱ አንድ መዝገብ ውስጥ ያኖራል፤ ባለሙያዎቹ ሃሽ ቴብል ይሉታል። ያንን አቀማመጥ ዳግም ሲያገኘው ከማሰላሰል ይልቅ መዝገቡን ገልጦ ያነባል። መዝገቡን ዘጋሁትና ነብሮን ሞከርኩት፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ማት! ከፈትኩት፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ሌባው ተያዘ። እንዴት እንደሚሰርቅ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ዘግቼው እንዳልጫወት ደግሞ፣ ያለ መዝገቡ ነብሮ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ እንደ ጀማሪ ነው የሚጫወተው፣ አባቴ እንደ ቁርስ ይበላዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ላፕቶፑን በብብቴ ይዤ አስካለ ጋ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሁለት ነጋዴዎች ይጫወታሉ። እነሱን እያየሁ በውስጤ ፕሮግራሙንም፣ ራሴንም፣ ቼዝን የፈጠረውንም ሰው እራገማለሁ። በዚህ መሀል ጋሽ ተፈራ ገቡ። ጋሽ ተፈራ ከድልድዩ ማዶ ሰዓት የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ያቺ አይን ላይ የምትገጠመዋ ማጉያ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለች ነው ቀኑን ሙሉ የሚዞሩት። ኮታቸውን ሳያወልቁ ሰሌዳውን ከላይ አዩና “ሁለት” አሉ።

ጥቁሩን የያዘው ነጋዴ ጠጠሮቹን አየ፣ አየና “ኤዲያ! እውነትዎን ነው” ብሎ ንጉሡን አስተኛ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። “ጋሽ ተፈራ፣ አሁን ገና መግባትዎ አይደል እንዴ? ጨዋታውን አላዩትም እኮ!”

“አላየሁትም።”

“ስንት እርምጃ እንደተጫወቱ ያውቃሉ?”

“ከየት አውቄ?”

“ታዲያ ሁለት መሆኑን እንዴት አወቁ?”

ልጅቷን ነካ አድርጓታል መሰለኝ ብለው እንዳሰቡ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። “ሐያትዬ፣ ከየት እንደመጡ ምን ያደርግልኛል? ማቱ ያለው እዚህ ነው” አሉና በጣታቸው ሰሌዳውን መታ መታ አደረጉት። “ከዚህ ስንት ቀረ ነው ጥያቄው። ሌላው የነሱ ጣጣ ነው።”

ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ። አስካለ “ኧረ ልጅቷ!” ስትል እየሰማሁ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ፋራዋ እኔ ነበርኩ። ነብሮ የማቱን ርቀት የሚቆጥረው ማሰብ ከጀመረበት ቦታ ነው። ያ በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ፣ ያንኑ ቁጥር ምንም ሳልነካው መዝገቡ ውስጥ አኖረዋለሁ። እሺ፣ ነብሮ ሁለት እርምጃ ወደፊት ተጉዞ አንድ አቀማመጥ አገኘ እንበል፤ ከዚያ አቀማመጥ ማቱ አንድ እርምጃ ነው። የሚጽፈው ግን “ሦስት” ብሎ ነው፣ የራሱን ጉዞ ጨምሮ። በኋላ ያ አቀማመጥ አፍንጫው ሥር ሲመጣ መዝገቡን ይገልጣል፤ “ሦስት” ይላል። ቅርቡም ሦስት፣ ሩቁም ሦስት። ሁሉም ማት እኩል ስለሚመስለው የትኛውን እንደሚመርጥ አያውቅም፤ ግንቡን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ማቱ በእጄ ነው እያለ ይኖራል። መደረግ የነበረበት ጋሽ ተፈራ ያሉት ነው። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ከዚያው አቀማመጥ የቀረው ርቀት ብቻ ይሁን፤ ሲነበብ ደግሞ እዚያ ለመድረስ የተሄደው ይጨመርበት። ሁለት መስመር ነው! አንድ መደመር፣ አንድ መቀነስ፤ ማቱ በራሱ በነብሮ ላይ ሲሆን ደግሞ ምልክቱን መገልበጥ።

በጥድፊያ ጻፍኩት። የጠዋቱን አቀማመጥ አስገብቼ ሞከርኩ። ሦስት። ቀጥሎ... አምስት። ቀጥሎ ሰባት!

“ያ አላህ! ጭራሽ እየሸሸ ነው!” ብዬ ጠረጴዛውን ስደበድብ ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞረ። ጋሽ ተፈራ ዳቦአቸውን እያኘኩ “ሰዓትም ወደ ኋላ የሚቆጥረው ጥርሱ ተገልብጦ ሲገጠም ነው” አሉ። ለማጽናናት ያሉት ይሁን ሙድ ለመያዝ እስካሁን አላውቅም። አየሁት፤ እውነትም መደመሩን በመቀነሱ ቦታ ጽፌዋለሁ። አቀያየርኳቸው። ሦስት። ሁለት። አንድ። ማት! ደግሜ ሞከርኩት። ሌላ አቀማመጥ ሰጠሁት፤ ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት እያለ እንደ ደረጃ ወረደልኝ። የአሱር አዛን ሲሰማ ጠጠሮቹን ደርድሬ ጨርሻለሁ።

አባቴ ከሶላት ተመልሶ ተቀመጠ። የጠዋቱ ሰው አልነበረም። ጠዋት ልጁን የሚያጫውት አባት ነበር፤ አሁን ግን ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ ጭኖ ለእያንዳንዱ እርምጃ ረጅም ጊዜ ያስባል። አሥራ አምስተኛው እርምጃ አካባቢ የነብሮን ፈረስ በነፃ በላው፤ ቢያንስ ለእኔ በነፃ መሰለኝ። “ሱቁ ይሻልሻል” አለ አንዱ። ነብሮ ግን ፈረሱን የሰጠው አስቦበት ኖሯል። ከአራት እርምጃ በኋላ የአባቴ ግንብ መውጫ አጣ፤ ከዚያ ንግሥቲቱ ተከተለች።

ቀዩ ጽሑፍ መጣ። እንደ ጠዋቱ አልጮህኩም።

“ስድስት” አልኩ።

አባቴ ተጫወተ። “አምስት።”

ተጫወተ። “አራት።” ከኋላዬ ያሉት መቀመጫቸውን ትተው ቆሙ። አስካለ ትሪዋን አስቀምጣ መጣች።

“ሦስት።”

ጠዋት የተዋረድኩት እዚህ ቁጥር ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አባቴም ያውቃል፤ አይን አይኔን እያየ ንጉሡን ቀስ ብሎ ወደ ጥግ ወሰደ። ነብሮ አሰበ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ስክሪኑን በአንድ አይኔ ብቻ ነው የማየው።

“ሁለት!”

እንዴት ያለ ጩኸት እንደተነሳ ልነግራችሁ አልችልም። ሰው ጠረጴዛ ደበደበ። ጋሽ ተፈራ “እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!” እያሉ ኮታቸውን አወናጨፉት። አንዱ ነጋዴ የአባቴን ትከሻ ይዞ “ጋሽ ሰይድ፣ በቃ፣ አለቀ፤ ንጉሡን ያስተኙት” አለው።

“ዝም በል” አለ አባቴ። “ማት ነው ያልነው። ይጨርሰው።”

ተጫወተ። “አንድ” አልኩ። አባቴ የመጨረሻ ወታደሩን ገፋ። ግንቡን አንስቼ ጥግ ድረስ ወሰድኩት፤ ስቸኩል ሁለት ጠጠር ጥዬ መልሼ አቆምኩ።

“ማት።”

አባቴ አጎነበሰ። ንጉሡ ሊሄድ የሚችልበትን ቤት አንድ በአንድ በጣቱ ነካው። እዚህ ቼክ፣ እዚህ ቼክ፣ እዚህ የራሱ ወታደር። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረ። ከዚያ ቀና አለና “የለም” አለ። ከወንበሩ ተነሳ። በዚያ ሻይ ቤት የተሸነፈ ተነስቶ ላሸነፈው ይለቃል፤ አባቴ ሲነሳ እኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

“ነይ፣ ተቀመጪ” አለኝ።

“ያሸነፈህ እኮ ማሽኑ ነው፣ አባባ።”

“ማሽኑን ማን ሠራው? ተቀመጪ እንጂ!”

ተቀመጥኩ። ሴት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ሻይ ቤቱ ሲያጨበጭብ እኔ ፊቴን ሸፍኜ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ “ማሽንሽ ጠዋት ምን ነክቶት ነው?” አለኝ። አስረዳሁት። ቆሞ ሳቀ።

“ይህችን ለማወቅ ዓመት ሙሉ?”

“ይህችንማ በአንድ ቀን ነው። ዓመቱ ሌላውን ለመሥራት ነው የሄደው።”

ትንሽ ተራመደና “ሌላውንም ቁጭ ብለሽ ታስረጂኛለሽ” አለኝ። በዚያ ዓመት ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ያን ቀን ምን ተለወጠ ብትሉኝ ጠባዬ ነው አልላችሁም፤ ዛሬም እጮሃለሁ፣ የቢሮ ባልደረቦቼ ምስክር ናቸው። የተለወጠው ስህተትን የማይበት አይን ነው። በፊት አንድ ነገር ሲበላሽብኝ እኔ ራሴ የተበላሸሁ እየመሰለኝ ወይ እሰበር ነበር፣ ወይ ሰው ላይ እጮህ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ስህተት ሳገኝ፣ እመኑኝ፣ ደስ ይለኛል። ያ ሁሉ ውርደት ሁለት መስመር ነበር። እናንተም አሁን የሆነ ነገር ላይ ቆማችሁ ሰው እየሳቀባችሁ ከሆነ፣ ከመተዋችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ስጡት። ከሩቅ ለሚመጣ ሰውም አሳዩት፤ ጨዋታችሁን ያላየ ሰው የማታዩትን ያያል።

የሰኞውን ነግሬያችሁ ላብቃ። አባቴ ሱቁን ሳይከፍት አብሮኝ ወጣ። አርባ ዓመት ሙሉ ከበዓል በቀር ሰኞ ዘግቶ አያውቅም። ቸርችልን ቁልቁል በእግራችን ወረድን፤ እሱ ላፕቶፑን ተሸክሟል፣ ስጠኝ ብለው እምቢ አለኝ። የቢሮው ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው አስቆመንና “አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?” አለው።

“እኔ ማንንም አልፈልግም” አለ አባቴ። “የተፈለገችው ልጄ ናት። ቼዝ የሚጫወት ማሽን ሠርታለች።”

“እንዴ! ጎበዝ ነው ታዲያ ማሽኑ?”

አባቴ ላፕቶፑን አቀበለኝ፤ ደረቱን ነፋ፤ ፊቱ በራ፤ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፦

“ጎበዝ ነው ወይ? እኔን ማት አድርጎኛል!” አለው።